ሐኪም ቤት መጀመሪያ፣ ጸሎት መጨረሻ፦ «ዘ ኤክሶርሲስት» ከጎንደር ሲታይ

አንገቷ ወደ ኋላ የሚዞረው ልጅ። አረንጓዴው ትውከት። ከአልጋዋ ተነስታ አየር ላይ ቀጥ የምትለው። ፊልሙ ከወጣ 50 ዓመት አልፎታል፣ ቁርጥራጩ ግን ዛሬም ቲክቶክ ላይ ይዞራል። የሚዞረውም ብቻውን አይደለም፤ ጠበል ቦታ ከተቀረጹ ቪዲዮዎች ጋር ነው። አንዱን በጣት ገፋ ስታደርጉት ሌላው ይመጣል። ከሥር የሚጻፈው አስተያየትም ያው ነው። አንዱ «እውነተኛ ታሪክ ነው» ይላል። ሌላው «ማየቱ ራሱ በር ይከፍታል» ይላል። ሦስተኛው «ፊልም ነው ባካችሁ፣ አታካብዱ» ብሎ ይስቃል።

ሦስቱም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያዩት አይመስልም።

ይህ ወሬ ጎንደር ላይ ሲሆን ደግሞ መልኩ ይለያል። እዚህ ጠበል ሩቅ ነገር አይደለም። 44 ታቦት አላት በምትባል ከተማ፣ ጠበልተኛ ሲጮኽ በጆሮው ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ አሜሪካዊው ተመልካች «እንዲህ ያለ ነገርም አለ እንዴ?» እያለ የሚፈራውን ፊልም፣ የጎንደሩ «መኖሩንስ አለ፣ ግን ለምን እንዲህ አደረጉት?» እያለ ነው የሚያየው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፊልሙን ግን ሌላ ፊልም ያደርገዋል።

## ለመሆኑ ምን ዓይነት ፊልም ነው?

ዘውጉን «ሱፐርናቹራል ትሪለር» ይሉታል። ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ የሆነ ነገር፣ መንፈስ በሉት ሙት፣ የገባበት ልብ አንጠልጣይ ፊልም ማለት ነው። «ኤክሶርሲዝም» ደግሞ ርኩስ መንፈስን በጸሎትና በሥርዓት ከሰው ማስወጣት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ካህን ኤክሶርሲስት ይባላል። እኛ አጥማቂ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ዳይሬክተሩ ዊሊያም ፍሪድኪን ነው። ታሪኩ ዊሊያም ፒተር ብላቲ በ1971 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን የፊልም ጽሑፉንም ራሱ ብላቲ ነው ያዘጋጀው። አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው ዲሴምበር 26፣ 1973 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን 1966። የየካቲቱ አብዮት ሊመጣ ሁለት ወር ሲቀረው መሆኑ ነው፣ እዚህ አገር ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር እየመጣ ነበር። ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቶ ሁለቱን ወሰደ፤ አንዱን በፊልም ጽሑፍ፣ አንዱን በድምፅ። በምርጥ ፊልም ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው የአስፈሪ ዘውግ ፊልምም እሱ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው። ክሪስ የምትባል የፊልም ተዋናይት ለሥራ ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ሰፈር ቤት ተከራይታለች። ሃይማኖት የላትም። ባሏ ትቷታል። የ12 ዓመቷ ልጇ ሬገን መለወጥ ትጀምራለች፤ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ ትሳደባለች፣ ድምፅዋ የሰው መሆኑ ይቀራል። በመጨረሻ ሁለት ካህናት ይመጣሉ። አንደኛው፣ አባ ካራስ፣ ካህንም የአእምሮ ሐኪምም ነው፤ እምነቱ ደግሞ እየላላበት ነው። ሁለተኛው በዕድሜ የገፉት አባ መሪን ናቸው።

## እውነተኛ ታሪክ ነው ወይስ አይደለም?

ግማሹ አዎ። በ1949 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ይኖር በነበረ አንድ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ላይ የካቶሊክ ካህናት ይህን ሥርዓት አድርሰው ነበር። ጋዜጣ ላይ ወጣ። ብላቲ ያኔ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ አነበበው፣ ከአእምሮው አልወጣም፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ልቦለድ አደረገው። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ወንድ ልጅ ነው፣ ተዋናይት እናት የለችውም፣ ከመስኮት ወድቆ የሞተ ካህንም የለም። የሚዞር አንገትም የለም። «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ማስታወቂያ አንድን የጋዜጣ ዜና ከአንድ ደራሲ ምናብ ጋር አጣብቆ የሚሸጥ ነገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

## መጀመሪያ ሐኪም ቤት

ቁርጥራጩን ብቻ ያየ ሰው ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጩኸት ይመስለዋል። አይደለም። አባ መሪን ያንን ጥቁር ቦርሳቸውን ይዘው በጉም ውስጥ ከመንገድ መብራቱ ሥር የሚቆሙት፣ ያ ፖስተሩ ላይ ያለው ምስል፣ ፊልሙ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በሐኪሞች ነው።

መጀመሪያ «ልጅቷን የያዛት የነርቭ ችግር ነው፣ ቀዥቃዣ ሆናለች» ተብሎ ሪታሊን ይታዘዝላታል። ሪታሊን ትኩረት ማሰባሰብ ለሚያቅታቸው ልጆች የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሲብስ ደግሞ ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል፣ ቴምፖራል ሎብ በሚሉት፣ ቁስል ሊኖር ይችላል ይላሉ። ይሄ ግምት ከፊልሙ ውጭም ትርጉም ያለው ነው። የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ ሰውን መሬት ላይ አይጥልም። ከዚህ የአንጎል ክፍል ሲነሳ ሰውየው የሌለ ሽታ ይሸተዋል፣ ድንገት ያለ ምክንያት ፍርሃት ይወርረዋል፣ ዓይኑ ፈጥጦ አፉን ያላምጣል፣ በኋላ ምንም አያስታውስም። ይህንን ያየ ጎረቤት «ለከፋት» ቢል አይፈረድበትም። ምልክቱ ከውጭ ሲታይ ያንኑ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ምርመራው ይመጣል። ልጅቷን አጋድመው ይይዟታል። አንገቷ ላይ መርፌ ይገባል። ደም ፊጭ ይላል። ቀጭን ቱቦ በደም ሥሯ ይሰዳሉ፣ ቀለም ይረጫሉ፣ ከዚያ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ኳ ኳ እያለ ራጁን ያነሳል። ሙዚቃ የለም። ጋኔንም የለም። ነጭ ጋዎን የለበሱ ደግ ሰዎች ብቻ። ፊልሙ ሲወጣ ከትውከቱ ይልቅ ይህን ማየት ያቃታቸው ተመልካቾች ነበሩ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ እነሱ ልክ ነበሩ። ሲቲ ስካን ገና ሳይስፋፋ፣ ኤምአርአይ ገና ሳይመጣ የተሠራ ፊልም ስለሆነ አንጎልን ለማየት ከነበሩት መንገዶች አንዱ ይሄው ነበር። ማሽኑ አርጅቷል። ውጤቱን ጠብቃ «ምንም የለባትም» የተባለችው እናት ፊት ግን አላረጀም።

በመጨረሻ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ኤክሶርሲዝም ይሞከር። መንፈስ አለ ብለው አይደለም። ልጅቷ ጋኔን እንደያዛት ስላመነች፣ እንደወጣላት ብታምን ልትድን ትችላለች፤ «ሰጀስሽን» ይሉታል፣ ሰውን በማሳመን ብቻ ለውጥ ማምጣት ማለት ነው። ሃይማኖት የሌላት እናት ከሐኪም ቤት ወደ ካህን የተላከችው በሐኪም ነው።

ካራስ ጋ ስትደርስ ደግሞ ካህኑ ይከለክላታል። ይህ እንዲደረግላት የፈለገ ሰው በጊዜ ማሽን ተሳፍሮ 16ኛው ክፍለ ዘመን መሄድ አለበት የሚል ነገር ይላታል። የጎንደር ተመልካች እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ቤተ መንግሥቱ ገና የለም። ጠበሉ ጋ ለመሄድ ግን ባጃጅ ይበቃል።

የፊልሙ ሞተር ይሄ ነው። እዚያ ሐኪም ቤት የመጀመሪያው በር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው፤ እናትየው የምትፈራው ወደ መጨረሻው በር እየተገፋች መሆኗን ነው። እዚህ ለብዙ ቤተሰብ ተራው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጠበል፣ ሱባኤ፣ እምነት መቀባት። ሐኪም ቤት የሚመጣው ሁሉም ሲሞከር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ዛሬ ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ሆና እንኳ ይህ ተራ ብዙም አልተቀየረም። ስለዚህ ክሪስ ካህኑን ስትለምን እዚያ ጭንቅ ነው፤ እዚህ «ይኸው በስንት መከራ ደረሰች» ያሰኛል።

## የቧንቧው ውሃ

ብዙ ሰው የሚዘልላት አንዲት ትዕይንት አለች። ካራስ ጠርሙስ ያወጣና የተባረከ ውሃ ነው ብሎ ይረጫታል። ልጅቷ፣ ወይም በውስጧ ያለው፣ ተቃጠልኩ ብሎ ይንፈራገጣል። በኋላ ካራስ ለእናትየው እውነቱን ይነግራታል፤ ውሃው የቧንቧ ነበር። ታዲያ ጋኔን ከሆነ እንዴት በተራ ውሃ ይቃጠላል? ይህ ለካራስ የበሽታ ማስረጃ ነው።

ሌላም አለ። ልጅቷ የማይታወቅ ቋንቋ ተናገረች ይባላል። የማያውቁትን ቋንቋ መናገር ደግሞ በካቶሊክ ሥርዓት ከመንፈስ ምልክቶች አንዱ ነው፤ የተሰወረ ነገር ማወቅና ከአቅም በላይ ጉልበት ሌሎቹ ናቸው። ቴፑን ወደ ኋላ ሲያጫውቱት እንግሊዝኛ ሆኖ ተገኘ። ወደ ኋላ የተነገረ እንግሊዝኛ! ማስረጃ ነው ወይስ አይደለም? ፊልሙ አይነግራችሁም።

አጻጻፉ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ማፍረሻ ያስቀምጣል። ተመልካቹ አንገቷ ሲዞር ስላየ አምኗል፣ ካህኑ ግን ገና አላመነም። ከዚህ በኋላ የመጡ ስንቶቹ የዚህ ዘውግ ፊልሞች ጥርጣሬውን ጥለው አንገቱን ብቻ ነው የወረሱት።

## ዛር ቢሆን ኖሮ

ጎንደር ላይ ስለ መንፈስ ሲወራ ዛርን መዝለል አይቻልም። በ1932 እ.ኤ.አ. ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊና የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ጎንደር መጥቶ ወራት ተቀምጦ ነበር። መልካም አያሁ ከምትባል የዛር ባለሙያ ቤት እየዋለ ያየውን ሁሉ መዘገበ። በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ርዕሱ ራሱ ስለ ጎንደር የዛር ሥርዓትና ስለ ትያትራዊ ገጽታው ነው። ሌሪስ ሲል የነበረው «ያስመስላሉ» አይደለም። የሚጫወቱት ትያትር አለ፣ የሚኖሩት ትያትር አለ፤ ዛር የሚኖሩት ነው አለ። ሰውየው ሲያጓራ እያታለለ አይደለም፣ ግን ማጓሪያው ወግ አለው፣ ልብሱ ይታወቃል፣ ተመልካቹም ቦታ አለው።

በወጉ መሠረት የተያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ነው። ዛሩ ይጋልበዋል። ስም አለው፣ አገር አለው፣ አመል አለው፤ ቡና ይላል፣ ሽቶ ይላል፣ የዚህ ቀለም ዶሮ ይላል። ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15 ከፈጣሪ ደበቀቻቸው፣ ተደብቃችሁ ቅሩ ተባሉ የሚለውን ተረት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በተረቱ ዛር የሰው ወንድም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከወንድም ጋር እንደሚደረገው ይደራደሩታል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም፤ ለእሷ ዛርም ያው ጋኔን ነው፣ ይወጣል እንጂ አይለመንም። ያም ሆኖ ጠበል ላይም ቢሆን ንግግር አለ። አጥማቂው ያስለፈልፈዋል። ማን ነህ? የት ያዝካት? በምን ያዝካት? መቼ ትለቃለህ?

የፊልሙ ጋኔን ምንም አይፈልግም። ይህ ነው ልዩነቱ። ዶሮም፣ ሽቶም፣ ልብስም አይጠይቅም። አባ መሪንም ከእሱ ጋር ንግግር አትግጠም፣ ውሸትን ከእውነት ጋር ቀላቅሎ ያጠቃሃል ብለው ካራስን ያስጠነቅቁታል። የጎንደር ሽማግሌ ቢያየው «ጉዳዩ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። የማይደራደር፣ አመል የሌለው፣ ዝም ብሎ ክፉ የሆነ ነገር ለእኛ ወግ እንግዳ ነው። ያስፈራል ካላችሁም ከአንገቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራው።

አጨራረሱ ግን ቤታችን ነው። መሪን ልባቸው ከድቷቸው ሲሞቱ ካራስ ልጅቷን ጨምድዶ ይዞ «ወደ እኔ ግባ» ይለዋል፤ ይገባበታል፤ ካራስም ራሱን በመስኮት ይወረውራል። የፊልም ሐያሲዎች ስለ መሥዋዕትነት ብዙ ጽፈዋል። እኛ አንድ ቃል አለን፤ ጭዳ። ዶሮ በራስ ዙሪያ አዙሮ መጣል። ካራስ ራሱን ጭዳ አደረገ።

## ያረጀውና ያላረጀው

ያረጀውን በአጭሩ እንበለው። የሚዞረው አንገት ዛሬ በጥራት ሲታይ አሻንጉሊትነቱ ያስታውቃል። ትውከቱ የአተር ሾርባ ነው፣ ሾርባም ይመስላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው መግቢያው ነው። ፊልሙ ኢራቅ፣ ከሞሱል በስተደቡብ ካለው የሐትራ ፍርስራሽ ይነሳል፤ የመጀመሪያው የምንሰማው ድምፅ አዛን ነው። አዛን፣ ፀሐይ፣ ፍርስራሽ፣ ከዚያ የጋኔኑ ሐውልት። ክፋት ከምሥራቅ ተጭኖ አሜሪካ የገባ ይመስላል። ቅዳሴና አዛን ከአንድ ሰፈር እየሰማ ለሚያድግ ጎንደሬ ይህ አይዋጥለትም፣ ሊዋጥለትም አይገባም።

ያላረጀው ድምፁ ነው። የጋኔኑን ድምፅ የሰጠችው መርሴዲስ ማካምብሪጅ የምትባል ተዋናይት ናት፤ ድምፅዋን ለማሻከር ሲጋራ ታጨስ፣ ጥሬ እንቁላልና ውስኪ ትጠጣ ነበር። ኮምፒውተር አልነካውም። ብርዱም እውነተኛ ነው፤ የመኝታ ክፍሉን ከዜሮ በታች አቀዝቅዘውት ስለነበር ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት የራሳቸው ነው። አባ መሪንን የተጫወተው ማክስ ቮን ሲዶው ያኔ ገና የ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ሽማግሌነቱ በሙሉ የሜካፕ ባለሙያው የዲክ ስሚዝ ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬም አይነቃበትም።

ደግሞ ብቸኝነቱ አለ። እዚህ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ነገር ከሁሉ ያይላል። ያ ትልቅ ቤት ውስጥ ማን አለ? እናት፣ ሁለት ሠራተኞች፣ አንዲት ጸሐፊ። ጎረቤት የለም። ልጅቷ ስትጮኽ ማንም በሩን አያንኳኳም፣ ቡና ይዞ የሚመጣ የለም፣ «እግዜር ይማርሽ» የሚል የለም። ጠበል ቦታ ላይ የታመመው ሰው በመቶ ሰው መሀል ነው የሚጮኸው፤ ሁለት ካህናት በተዘጋ በር ጀርባ የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ ነው ኤክሶርሲስትና አጥማቂ አንድ ያልሆኑት። የካቶሊኩ ካህን ያለ ጳጳሱ ፈቃድ አይጀምርም፣ ሰውም አይሰበስብም። የካራስ እናትም እንዲሁ ብቻዋን ናት። ታማ፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል አስገብተዋት፣ ልጄ ለምን እንዲህ አደረግኸኝ ትለዋለች። በኋላ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ትሞታለች። ጋኔኑ ካራስን የሚያጠቃው በዚህች እናት ድምፅ ነው። እናቱን ብቻዋን የጣለ ልጅ፤ ለዚህ ትርጉም ፊልም አያስፈልግም፣ ማንም የጎንደር እናት ገና ሳያልቅ ትፈርድበታለች።

## ማየቱ በር ይከፍታል?

«አትዩት» የሚለው ወገን ጨርሶ ባዶ ክርክር አይደለም የያዘው። ለአማኝ ሰው ርኩስ የሚለውን ነገር ለመዝናኛ መመልከት ራሱ ልማድ ያበላሻል፤ ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ በፊልም ትንተና አይፈታም። ግን ብላቲ ራሱ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፣ መጽሐፉንም እንደ እምነት ምስክርነት ነበር የሚያየው። ጋኔን ካለ እግዚአብሔርም አለ ነው ነገሩ። በሌላ በኩል በአእምሮ ሕክምና ያሉ ሰዎች ስጋት አለ፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞች በሽተኛን ጋኔን አስመስለው ያሳያሉ ይላሉ። ሙሉውን ላየ ሰው ይህ ስጋት ያን ያህል አይቆምም፣ ፊልሙ ሐኪሞቹን አያላግጥባቸውም። ቁርጥራጩን ለሚያይ ግን ትክክል ነው።

ምክንያቱም ቁርጥራጩ የሚቆርጠው ሐኪም ቤቱን ነው። መርፌው የለም፣ የቧንቧው ውሃ የለም፣ የካራስ ጥርጣሬ የለም። የሚቀረው አንገቱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ አንዲት እውነተኛ ልጅ ጠበል ላይ ነጠላዋ ወድቆ የምትጮኽበት ቪዲዮ ነው፤ ሌሪስ የለያቸውን ሁለቱን ትያትር ስልኩ አንድ ያደርጋቸዋል። ተመልካቹም እውነተኛዋን በፊልሟ ልክ መመዘን ይጀምራል፤ «ይቺማ እያስመሰለች ነው»፣ «ይቺ እውነተኛ ናት» እያለ። ይህ ሁሉ ሲሆን መድኃኒቷን አቋርጣ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠበልና መድኃኒት ደግሞ የግድ አይጣሉም፤ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል እንጦጦ ላይ ለምእመናን ተናግረው ነበር። ይኸው ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም የማይሠራበት ምክንያት የለም። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ደግሞ ከበፊቱ የባሰ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «መንፈሱ ተቆጣ» ይባላል።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ እናትና ልጅ ቤቱን ለቀው ሊሄዱ ነው። ሻንጣ ተጭኗል። እናትየው ልጇ ምንም እንደማታስታውስ ትናገራለች። ሬገን የካራስን ጓደኛ ካህን አንገት ላይ ያለውን ነጭ ኮሌታ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ድንገት አንገቱን አቅፋ ትስመውና መኪናው ውስጥ ትገባለች። ትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ ማንም አያውቅባትም። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ስልክ የያዘ ሰው አልነበረም።